አባቴን ባሕር ዳር ለማስፈር (የጣናዋን አይደለም)

ይህን ጉዞ የጀመርኩት አባቴን ከብርድ ላድን ብዬ ነው። ሽርሽር አላማረኝም፣ ባሕር አልናፈቀኝም። ደብረ ማርቆስ ያለችውን የቆርቆሮና የሚስማር ሱቄን ዘግቼ በሰው አገር ፀሐይ ልጠበስ የሚል ሐሳብም ሽው ብሎብኝ አያውቅም። ግን ስንት ክረምት ሙሉ አባቴ ሳንባቸውን እየታመሙ እኔ ከደብረ ኤልያስ ማርቆስ ሐኪም ቤት በጭቃ አመላለስኳቸው። ባለፈው ነሐሴ ሐኪሙ ወደ ጥግ ሳብ አደረገኝና «አባትህ ሞቅ ያለ አገር ካልተቀመጡ የሚመጣውን ክረምት አልተማመነውም» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አልነበረኝም።

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ የቅኔ መምህር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደብረ ኤልያስ ላይ ቅኔ ሲያስቆጥሩ ኖረዋል፤ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ይሏቸዋል። እናታችን ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ነው ያሉት። ከእኔ ሌላ ያላቸው ልጅ ታናሽ እህቴ ስመኝ ናት። እሷ ከአገር ከወጣች ዘጠኝ ዓመት ሆናት፤ ኬንያ ውስጥ ሞምባሳ አጠገብ ውቅያኖስ ዳር የሐበሻ ምግብ ቤት ከፍታ ትኖራለች። እዚያ ብርድ የሚባል ነገር የለም። መላው ታዲያ ግልጽ ነበር፤ አባታችን ጓዛቸውን ጠቅልለው ስመኝ ዘንድ ይዛወሩ። ነገሩን ያወሳሰቡት እሳቸው ናቸው።

በገና ሰሞን ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ከፊታቸው አስቀመጥኩት። ስመኝ ከወዲያ ሆና «አባ፣ ክፍሉን አሰናድቻለሁ፣ አልጋውንም ገዝቻለሁ። ይመጣሉ ወይስ ይቀራሉ?» አለቻቸው። አባቴ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉና «አልቀርም» አሉ። ስመኝ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም ተመስገን አልኩ። በማግስቱ ለትኬት መሯሯጥ ጀመርኩ፤ ላማቸውንም ለአንድ ገበሬ ሸጥኩለት፣ ከሄድን በኋላ መጥቶ እንዲወስዳት።

«መሪጌታ ባሕር ዳር ሊሰፍሩ ነው» የሚለው ወሬ ገበያውን አዳረሰው። ጎረቤታቸው ሐጂ ሰይድ፣ የጨርቅ ነጋዴው፣ ሱቃቸው በር ላይ አስቁመው ያዙኝ።

«ለባሕር ዳር ደግሞ ፓስፖርት ምን ያደርጋል? በሚኒባስ የግማሽ ቀን መንገድ አይደለች እንዴ?»

«ሐጂ፣ የጣናዋ አይደለችም። የውቅያኖስ ዳር ነው የምልዎ።»

«ውቅያኖስ ዳር ደግሞ በየት ወረዳ ነው?» አሉና ሳቁብኝ።

እሳቸው እንኳ እየቀለዱ ነበር። አንድ ቄስ ግን ከልባቸው አምነው ባሕር ዳር ለሚማር ልጃቸው አንድ ከረጢት በሶ ይዘው መጡ። «አይሆንም፣ መንገዳችን በዚያ አይደለም» ብዬ ሳልጨርስ አባቴ ተቀብለው ሻንጣ ውስጥ ከተቱት። ቄሱ ይቅር ይበሉኝና በሶውን ሞምባሳ በላነው።

ዓባይን መሻገር

የተነሣነው ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ከርሞ ያን ሰሞን ተከፍቶ ነበር፤ አውቶቡሱም ጢም ብሎ ሞልቷል። ሉማሜን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ፍተሻ ገጠመን። ሁላችንም ወረድን። አንድ ወጣት ጠባቂ አባቴን በአክብሮት ጎንበስ ብሎ «አባ፣ ወዴት ነው?» አላቸው።

«ባሕር ዳር» አሉ አባቴ።

ልጁ አውቶቡሱን አየ፣ መንገዱን አየ። «ባሕር ዳርማ ወደኋላ ነው! ይህ እኮ አዲስ አበባ የሚሄድ ነው።»

«ዞሮ ዞሮ ባሕር ዳር ነው የምወርደው።»

ኧረ የጉድ አገር! ልጁ ተጠራጠረ። መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ ትኬት አውጥቼ፣ ሞምባሳ የምትባል ከተማ እንዳለች አስረድቼ፣ የእህቴን ፎቶ ከስልኬ አሳይቼ ነው የለቀቁን። ተሳፋሪው ሁሉ በእኔ ላይ አጉረመረመ፤ በእሳቸው ላይ እንዳያጉረመርም ነጭ ጥምጥማቸው አለ። ስንሳፈር «አባ፣ ምናለ ኬንያ ቢሉት?» አልኳቸው። «የጠየቀኝ የምወርድበትን ነው እንጂ አገሩን መች ጠየቀኝ?» አሉኝ። ቀጥሎ ያለው ፍተሻም ላይ ይህንኑ ደገሙት። ከዚያ በኋላ ከእሳቸው ቀድሜ እየወረድኩ እኔው መልስ መስጠት ጀመርኩ።

ደጀንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር ግን ንዴቴ በረደ። መንገዱ እየተጠማዘዘ በወረደ ቁጥር ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። አባቴ መጀመሪያ ጋቢውን፣ ቀጥሎ ካፖርታቸውን አወለቁ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ልብ ብዬ አዳመጥኩ፤ ሳላቸው የለም። በረዥሙ ሲተነፍሱ ሰማኋቸው። «ይዩት! ሐኪሙ እውነቱን ነው» ብዬ በደስታ ጉልበታቸውን ያዝኩ። ሽቅብ ወጥተን ጎሐ ጽዮን ስንደርስና ነፋሱ በመስኮት ሲገባ ሳሉ ተመለሰ። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ድረስ አንዲት ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ ሰውዬው ሙቀት ካገኙ ይድናሉ።

ቦሌ

በመቋሚያው ምክንያት አውሮፕላን ሊያመልጠን ነበር። ፈታሿ ልጅ በትሕትና «አባ፣ ዱላው ወደ ውስጥ አይገባም፤ ከሻንጣ ጋር ይጫናል» አለቻቸው።

«ዱላ አይደለም።»

«እሺ፣ ምርኩዙ።»

«ምርኩዝም አይደለም። መቋሚያ ነው፤ ማሕሌት የምቆምበት።»

«አባ፣ መቆም ከከበደዎት ተሽከርካሪ ወንበር ላስመጣልዎ?»

«ልጄ፣ በዚህ ተደግፌ ሌሊቱን ቆሜ የማድር ሰው ነኝ፤ አሁን በወንበር ልገፋ?»

ከኋላችን ያለው ሰልፍ እስከ በሩ ደርሷል። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ አባቴ ስለ መቋሚያ ምሥጢር ለልጅቷ ያስተምራሉ፣ ልጅቷ ደግሞ፣ እግዜር ይስጣት፣ ከልቧ ታዳምጣለች! በመጨረሻ መቋሚያው በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሻንጣ ጋር ሄደ። አባቴ አውሮፕላን ውስጥ እጃቸውን ማሳረፊያ አጥተው ክንዴን ይዘው ተቀመጡ። ለነገሩ ይህን አልጠላሁትም።

ሞምባሳ

የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ። ሸሚዜ ወዲያው ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። ስመኝ ውጭ ቆማ ትጠብቀን ነበር፤ አባቴን ስታይ ሮጣ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። እሳቸውም ራሷን በሁለት እጃቸው ይዘው አልለቅ አሉ። እሷ ብቻ እያለቀሰች «አባ፣ ከሱ! አባ፣ ሸበቱ!» ትላለች።

ስመኝ ከገበያ የምትወስደው ዕቃ ስለነበራት በከተማው በኩል ዞረን፣ ባለ ሦስት እግር ባጃጅ ተሳፍረን፣ ሊኮኒ ከሚባለው መሻገሪያ ደረስን። እዚያ ትልቅ ጀልባ ሰውንም መኪናውንም ጭኖ ያሻግራል፤ በእግሩ ለሚገባ ሰው ነፃ ነው። ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ሲገባ አባቴን በሁለት ጎን ይዘን ተጋፋን። መሐል ላይ አንድ ዓሣ የተሸከመ ጎልማሳ አባቴን ሲያይ ቦታ ለቀቀላቸውና «ሺካሞ» አላቸው። «ለሽማግሌ ብቻ የሚሰጥ ሰላምታ ነው፤ እግርዎን ይዣለሁ እንደማለት ነው» ስትል ስመኝ ነገረቻቸው። «መልሱስ?» አሏት። «ማራሃባ ነው።» አባቴ በጣም ደስ አላቸው። «መርሐባ! የሐጂ ሰይድ ቃል አይደለም እንዴ?» አሉና የዚያን ቀን ጀልባው ላይ ላገኙት ሁሉ ማንም ሳይጠይቃቸው ማራሃባ ማራሃባ ሲሉ ተሻገሩ።

ስመኝ የምትኖረው ዲያኒ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ነው። ነጭ አሸዋ፣ ረዣዥም የኮኮናት ዛፎች፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ። ለአባቴ ያሰናዳችው ክፍል መስኮቱ ወደ ባሕሩ ነው። ግድግዳው ላይ የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል ሰቅላለች፣ አልጋቸውን እንዳይከብዳቸው ዝቅ አድርጋ አሠርታለች፣ ወንበራቸውን በረንዳው ጥላ ላይ አስቀምጣለች። ይህን ሁሉ እየዞረች አሳየቻቸው። አባቴ ወንበሩን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉና «እግዜር ይባርክሽ» አሉ።

ከሳምንት በኋላ ሳሉ ጠፋ። ጭራሽ ጠፋ! ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን በአንድ ትከሻ ጥለው በአሸዋው ላይ ሲራመዱ ሳይ ዓይኔን አላመንኩም። ባሕሩን በጣታቸው ቀምሰው «ይህን ሁሉ ጨው ማን ነሰነሰበት?» ብለው ምራቃቸውን ተፉ። ስመኝ ኩሽናዋ ውስጥ መዝፈን ጀመረች። እኔም ለመመለሻዬ ስጦታ መግዛት ጀመርኩ።

አርብ ዕለት ግን ጣጣ መጣ። ስመኝ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝ አቀረበች። አባቴ ነጭ ነጩን አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ዛሬ አርብ ነው» አሉ።

«የጾም ነው አባ፤ የዛፍ ወተት ነው» አለች።

«ዛፍ ትታለባለች?»

ማብራሪያ አልሠራም። ኮኮናቱ ተሰበረ፣ ተፈቀፈቀ፣ በነጠላ ጨርቅ ተጨመቀ፤ እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመለከቱ። ሩዙ በረዶ ሆነ፤ የምግብ ቤቱ ደንበኛም ምሳው ዘገየበት። ከዚያ በኋላ ቀምሰው «መልካም ላም ናት» አሉና ጨረሱት።

እኔ ይህን ሁሉ በሳቅ አሳለፍኩት። ያላስተዋልኩት ሌላ ነገር ነበር። አባቴ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ቅኔ ይቀኛሉ። እኛ አገር ቅኔው ሲያምር አድማጩ «ይበል!» ይላል፤ ያ ለባለ ቅኔው ደመወዙ ነው። እዚህ የሚያዳምጣቸው ዓሣ አጥማጅና ቁራ ነው። ስመኝ አሳዝነዋት ከኩሽና ሆና ድስቷን እያማሰለች «ይበል አባ!» ትላቸዋለች። አንድ ቀን «ልጄ፣ ገና ቤቱ ሳይሞላ፣ ስንኙ ሳያልቅ እኮ ነው ይበል ያልሽው» ሲሏት ሰማሁ። እሷ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

አልቀርም

የእኔ መመለሻ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ካፖርታቸውን ለብሰዋል። በዚያ ሙቀት! ሻንጣቸው እግራቸው ሥር ነው፤ መቋሚያው ላዩ ላይ ተጋድሟል።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?» አሉኝ።

«እኛ? እርስዎ የት ነው የሚሄዱት?»

«ወደ አገሬ ነዋ።»

ስመኝ ሰምታ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። «አባ፣ ምን ማለትዎ ነው? እመጣለሁ ብለውኝ የለም?»

«መጣሁ እኮ።»

«ልኖር ነው ብለው!»

«መች አልኩ? ይመጣሉ ወይስ ይቀራሉ ስትሉኝ አልቀርም አልኳችሁ። ሰው አገር ሄጄ አልቀርም። ሁለታችሁም ሰማችሁኝ።»

ቆሽቴ አረረ። እውነቴን ነው፣ ዓይኔ ጨለመ። «አባ! አልቀርም ማለት እኮ እሄዳለሁ ማለት ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«እሱ ሰሙ ነው» አሉኝ በረጋ ድምፅ። «የቅኔ መምህር ልጆች ሆናችሁ ሰሙን ልሳችሁ ወርቁን ተዋችሁት።»

«ይህ ቅኔ አይደለም! ይህ ሳንባዎ ነው! ሱቄን ዘግቼ፣ ላምዎን ሸጬ...»

«ላሚቱን ሸጥካት?» ዞረው አዩኝ። «በል እንግዲህ ቤት ስንገባ ከባሕር ዛፉ ታልብልኛለህ።»

በሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ያን ጊዜ ግን ስመኝ አሸዋው ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀምራለች። አባቴም አዩዋት፤ ድምፃቸው ለወጥ አለ። «ልጄ፣ አልከፋኝም። ሳንባዬም ድኗል፣ አልክድም። ግን እዚያ ስስል እንኳ ይሰሙኛል፤ እዚህ ስናገርም የሚሰማኝ የለም።»

ስመኝ ቀና አለች። «እኔስ አባ? እኔን ማን ይስማኝ? በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ነይ ብለውኝ ያውቃሉ? ሁሌ ኑልኝ የምለው እኔ ነኝ። የወጣሁ ዕለት እንዳኮረፉኝ ነው የኖሩት።»

«ሰው የእንጀራውን መንገድ ትቶ ይምጣ ይባላል?» አሉ አባቴ፣ ባሕሩን እያዩ። ሌላ አልጨመሩም።

ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ያ ነው። ንግግር የእንጀራቸው ሥራ የሆነ ሰው፣ ለልጃቸው የሚሆን ቃል አጡ። በማግስቱ፣ ለእሳቸውም የመመለሻ ትኬት በመከራ ቆርጬ፣ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ስመኝ ጉልበታቸውን ስማ «ይግቡ በሰላም» አለች፤ እሳቸውም «ደኅና ሁኚ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ወደኋላ አልዞሩም። እኔ ብቻ ነኝ ዞሬ ያየኋት፤ የቆመችበት ቦታ ላይ እንደቆመች ነበረች።

መልስ

በመንገዱ ሁሉ አላናገርኳቸውም። ዓባይ በረሃ ስንደርስ እንኳ ድልድዩን ዝም ብዬ አለፍኩት። እሳቸው «ሞቀ» አሉ፤ እኔ በመስኮት አየሁ። ደጀን ላይ የመጀመሪያውን ሳል ሳሉ። ማርቆስ ስንገባ ነፋሱ አቧራውን እያነሣ ይጠብቀናል፣ እሳቸው ጋቢያቸው ውስጥ ተጠቅልለው ይስላሉ፣ እኔ በውስጤ «ይበላቸው!» እላለሁ። ይበላቸው እያልኩ ደግሞ መስኮቱን በላስቲክ የምወትፈው እኔው ነኝ።

ደብረ ኤልያስ ሳደርሳቸው ተማሪዎቻቸው ሰምተው ኖሮ ግቢው ሞልቷል። ጉልበት ሳሙ፣ እግር አጠቡ፣ ከዚያም ወዲያው «የኔታ፣ የባሕሩን ቅኔ ይስጡን» ብለው ተቀመጡ። አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። እንደ ልማዳቸው በግዕዝ ሳይሆን በአማርኛ፣ ቀስ ብለው አሉት፦

ባሕር ዳር ትቼ ሙቀቴን ስመኝ፣
ለካ ብርድ ኖሯል ውስጤን ያመመኝ።

«ይበል!» አለ ግቢው። ወዲያው ፍቺው ተጀመረ። አንዱ ተማሪ «ባሕር የተባለችው ይህች ዓለም ናት» አለ፤ ሌላው «ሙቀት የተባለው ጸጋ ነው፤ የኔታ ጸጋን ሲመኙ ነው» አለ። ተከራከሩ፣ ጥቅስ ጠቀሱ። እኔ አጥር ተደግፌ ቆሜያለሁ። ቅኔ ቤት አልገባሁም፣ ሚስማር ነጋዴ ነኝ። ግን ያን ቃል እንደ እኔ የሰማው አልነበረም። ሲመኙ አይደለም። ስመኝ ናት። ባሕር ዳር ትተዋት የመጡት ሙቀታቸው እሷ ናት።

ከአጥሩ ውጭ ወጥቼ ደወልኩላትና ሁለቱን ስንኝ ነገርኳት። «ድገምልኝ» አለችኝ። ደገምኩላት። ከዚያ እያለቀሰችም እየሳቀችም «ወይ አባ! አሁንም እኮ ነይ አላሉኝም!» አለች።

በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ስልኩን እንደያዝኩ በተማሪዎቹ መሐል ሰንጥቄ ገባሁ፤ የኔታ ፊት እንዲህ አይገባም፣ አውቃለሁ። «አባ፣ ሰምም ወርቅም አልፈልግም። ልጅዎ ናት። እንደ ሰው ይንገሯት!» ብዬ ስልኩን እጃቸው ላይ አኖርኩት።

አባቴ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ተመልሶ ቆመ። ስመኝ «አቤት አባ» ስትል ይሰማል። ተማሪዎቹ መጨረሻዋን ፊደል ሊይዙ አንገታቸውን አስግገዋል።

«ነይ» አሉ።

ይበል ያለ የለም። የሚፈታ ነገር አልነበረውማ።

ስመኝ ለፋሲካ ትመጣለች። ክረምቱን አባቴ አብረዋት ወርደው ለመስከረም ይመለሳሉ ተብሏል፤ አሁን ግን «እሄዳለሁ፣ እከርማለሁ፣ እመለሳለሁ» ብለው ሦስቱንም በየተራ እንዲናገሩ አድርጌያቸዋለሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት እንግዲህ ይህን ነው፤ ከአባት ጋር ሲነጋገሩ ሻንጣ ከማሰናዳት በፊት «ምን ማለትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለአንዲት ቃል ሱቄን አዘግተው፣ ዓባይን አሻግረው፣ ባሕር አሳይተው መለሱኝ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በስልክ ሊሏት ይችሉ ነበር።